አለ ያልኩት የአባቴ ቤት

መጀመሪያ የቀናሁት በወለሉ ነው። ጫማችንን ከደጅ አውልቀን ስንገባ ሳንቃው ከእግሬ ሥር እንደ ተወለወለ ዋንጫ ያበራ ነበር። የግራ እግሬ ካልሲ በአውራ ጣቴ በኩል መቀደዱን ያየሁትም ያኔ ነው። ከሌሎቹ ሠልጣኞች ኋላ ቀረት ብዬ አንዱን እግሬን በሌላው ሸፈንኩና ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ሙያዬ ስለሆነ ሰው ቤት ስገባ ከሰዉ በፊት ጣሪያውን ነው የማየው። አንድ ሚስማር የለበትም። እንጨቱ ከእንጨቱ ጋር በጥርስ ተነካክሶ፣ አንዱ ሌላውን ተሸክሞ፣ ከሰው ዕድሜ በላይ ቆሟል።

መምህር ነኝ። በመካነ ኢየሱስ ከተማ የግንባታ ሙያ አስተምራለሁ፤ ተወልጄ ያደግኩት ግን ስማዳ ነው፣ ከወገዳ ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ የገበሬ መንደር። ለሙያ መምህራን በተዘጋጀ አጭር ሥልጠና ወደ ጃፓን የመሄድ ዕድል ደርሶኝ፣ ከአገሩ ደቡብ ጫፍ፣ ባሕር መካከል ባለችው በኦኪናዋ ደሴት ጥቂት ሳምንታት ቆየሁ። እነዚያ ደሴቶች ድሮ ሪዩኪዩ የሚባሉ፣ የራሳቸው ንጉሥና የራሳቸው ቋንቋ የነበራቸው አገር ነበሩ። የተማርነው ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ነው። ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ግን አንድ ቀን አረፍ በሉ ተብለን የጥንት ቤቶች ወደ ተሰበሰቡበት መንደር ወሰዱን።

መንደር እላለሁ እንጂ ሙዚየም ነው፤ ግን አጥር እንጂ ሕንፃ የለውም። ከየደሴቱ ሊፈርሱ የደረሱ ቤቶችን አንድ በአንድ ፈትተው፣ በየእንጨቱ ላይ ቁጥር ጽፈው፣ በመርከብ ጭምር አምጥተው እንደ ነበሩ መልሰው አቁመዋቸዋል። ክዳናቸው ቀይ ሸክላ ነው። ክዳኑ ላይ አፉን የከፈተ፣ አንበሳ የሚመስል የሸክላ አውሬ ተቀምጧል፤ ክፉ መንፈስ እንዳይገባ ይጠብቃል ይላሉ። ከየቤቱ ፊት ለፊት አጭር የድንጋይ ግንብ ለብቻው ቆሟል፤ አላፊ አግዳሚው ቤቱን በቀጥታ እንዳያይ የሚከልል ነው። ቤቶቹ ባዶ አይደሉም። በአንዱ ሽማግሌ በእባብ ቆዳ የተለበጠ ባለ ሦስት አውታር መሣሪያ ይመታሉ፣ በሌላው ሸማ ይሠራል፣ ከግቢው ጥግ ጎሽ እየዞረ የሸንኮራ አገዳ ይጨምቃል። ጎሹ ሲዞር ቆሜ ሳይ በሬዎቻችን በአውድማ ላይ የሚዞሩት መሰለኝና ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከዚያ ድረስ ንጹሕ ነበር።

ያ ሳንቃው የሚያበራ ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ይሸምኑ ነበር። ክራቸው ከጥጥ አይደለም፤ የእኛን ኮባ ከሚመስል ተክል ግንድ የሚወጣ ነው። አብራን የመጣችው ወጣት አስተርጓሚ አጠገባቸው ተንበረከከችና አነጋገረቻቸው። እሳቸውም መወርወሪያቸውን አንስተው ወደ ኋለኛው ክፍል ጠቆሙ።

«እዚያ ነው የተወለድኩት ይላሉ» አለችን አስተርጓሚዋ።

ሌሎቹ ሠልጣኞች ፎቶ አነሱና ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ። እኔ እግሬ አልነሣ አለኝ። ተቀመጥኩ።

«ይሄ ቤት የእርስዎ የራስዎ ነው ማለት ነው?» ብዬ አስጠየቅሁ።

«የአባቴ ነው» አሉ። «የነበረው ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ልጆቹ ሁላችንም ወደ ከተማ ስንወጣ ሰው አጣ። አባቴ ከመሞቱ በፊት ለዚህ ቦታ ሰጠው። እኔ አሁን የምኖረው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን በአውቶቡስ እመጣና እዚህ እሸምናለሁ። ሲዘጋ እሄዳለሁ።»

ተነሥተው ወደ አንዱ ቋሚ እንጨት ወሰዱኝ። ከትከሻቸው ከፍ ብሎ ጫፉ የተላገ የእንጨት ችንካር ተሰክቶበታል።

«አባቴ መረቡን የሚሰቅልበት ነው። ዓሣ አጥማጅ ነበር። ቤቱን ሲፈቱት ይሄ ችንካር ወድቆ ነበር፤ አናጢው ፈልጎ አገኘውና በቦታው መለሰው።»

ችንካሯን በጣቴ ነካኋት። የተሰማኝን ነገር ስም አላጣሁትም፤ ቅናት ነበር። በገንዘባቸው አልቀናሁም፣ በመንገዳቸውም፣ በባቡራቸውም አልቀናሁም። እነዚህን ከመጣሁ ጀምሮ ሳያቸው ሰንብቻለሁ፤ «ለነሱ የሰጠ ጌታ ለኛም ይስጠን» ብዬ አልፌያቸዋለሁ። አንዲት አሮጊት የአባቷን መረብ መስቀያ በእጇ መንካት መቻሏ ግን አንገበገበኝ። የኔ አባት ጅራፉን የሚሰቅልበት ችንካር ነበረው። የት እንደ ገባ አላውቅም። ማንም ወድቆ አላገኘውም፤ ማንም አልፈለገውማ።

አሮጊቷ እንደ ገና ቁጭ አሉና፣ ሰው ለሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ያንተስ የአባትህ ቤት?»

«አለ» አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። «ፈርሷል» ማለት ምን ይከብድ ነበር? ግን አንዴ «አለ» ካልኩ በኋላ ምላሴ መቆሚያ አጣ። ክብ ነው አልኩ፤ ግንቡ የድንጋይ ነው፣ ምሰሶው ጽድ ነው፣ ክዳኑ ከጉና ተራራ የሚመጣ የጓሳ ሣር ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ እናድሰዋለን፤ ወንድሜ ይኖርበታል። የዋንዛ በሩ ከአንድ ግንድ የተፈለጠ ነው አልኩ፤ ይሄ የአጎቴ ቤት በር እንጂ የአባቴ ቤት በር አልነበረም። አስተርጓሚዋ ሁሉንም በጥንቃቄ ተረጎመች። አሮጊቷ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ፤ ስጨርስ ዝቅ ብለው እጅ ነሡኝ።

«ሰው የሚኖርበት ከሆነማ ከዚህ ይበልጣል» አሉ። «ፎቶውን ላክልኝ።»

እልካለሁ አልኩ። አስተርጓሚዋ ስልኳን ጻፈችልኝ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አስተርጓሚዋን ለምን እንደዚህ ያሉ ቤቶች ጥቂት እንደ ሆኑ ጠየቅኋት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደሴቱ ተደብድቦ ከተማውም መንደሩም እንደ ነደደ፣ ሰውም በብዛት እንዳለቀ ነገረችኝ። የቀሩት ቤቶች ከእሳት የተረፉ ናቸው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እንዲህ ባለ ሕዝብ ላይ መቅናቴ አሳፈረኝ። ግን ሐፍረት መጣ ብሎ ቅናት ቦታ አይለቅም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የነሱን እሳት በላው፤ የኔን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

አባቴና አጎቴ ወንድማማቾች ብቻ ሳይሆኑ ጎረቤታሞችም ነበሩ። ሁለቱን ቤቶች በአንድ በጋ፣ ከአንድ ገደል ድንጋይ እያወጡ ነው የሠሯቸው። ልጅ ሆኜ በአጎቴ ቤት እቀና ነበር፤ በሩ ያ የዋንዛ በር ነው፣ የኛ ግን ከተገጣጠመ ጣውላ ነው። ከአጎቴ ልጅ ጋር እኩያሞች ነን። እሱ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ትቶ ሞፈር ጨበጠ፤ እኔ ደብረ ታቦር ድረስ ሄጄ ተማርኩ። ደመወዝ መቁጠር ስጀምር መጀመሪያ ያሰብኩት ለአባቴና ለእናቴ የቆርቆሮ ቤት መሥራትን ነው። በእውነት ለነሱ ብዬ ነው ማለት ይቻላል። ግን የአጎቴ ልጅ እንዲያየውም ነበር።

«ቤቱ ምን አደረገህ?» አለኝ አባቴ ነገሩን ስነግረው።

«ምንም አላደረገኝም። ይሻላችኋል ብዬ ነው።»

ያፈረስን ቀን ከግቢው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ማታ እናቴ ምሳውን አለመብላቱን ነገረችኝ። ምሰሶው ከላይ ጥቂት በስብሶ ስለነበር ሠራተኞቹ ፈልጠው ማገዶ አደረጉት። ከአራት ማዕዘኑ ቆርቆሮ ቤት ፊት ቆሜ የአጎቴን ልጅ «አንተስ መቼ ነው ከዚህ ጭስ የምትወጣው?» አልኩት። ፈገግ ብሎ «እግዜር ሲል» አለኝ። አባቴና እናቴ በየተራ ካረፉ በኋላ ያን ቆርቆሮ ቤት ለሌላ ዘመድ ለቀቅን።

ከጃፓን ተመልሼ ሁለት ወር ያህል ፎቶ ሳልልክ ቆየሁ። አስተርጓሚዋ አንድ ቀን በስልክ መልእክት ላከችልኝ፤ አሮጊቷ ፎቶውን እየጠየቁ ነው። በጥር አንድ ቅዳሜ ወደ ወገዳ የሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ። መንገዱ ጎኔን እየወቀጠኝ ዋለ። ያሰብኩት ቀላል ነገር ነበር፤ የአጎቴን ልጅ ቤት ፎቶ አንሥቼ፣ የአባቴ ነው ብዬ ልኬ፣ ነገሩን መዝጋት።

ስደርስ የአጎቴ ልጅ ከአውድማው ላይ ሽንብራ ሲወቃ ነበር። ሰላምታችን ረጅም ነው፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ልጆቹ ተጠያየቅን። ባለቤቱ ጠላ ቀዳችልኝ። ጠላውን ይዤ ቤቱን ዞርኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አይቼው አላውቅም። ግንቡ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ በመጠኑ ይጠባል። ድንጋዮቹ መካከል የተሰኩት ጠጠሮች እንደ ጥርስ ጥብቅ ብለው ገጥመዋል። ውስጡ ገብቼ ቀና ስል ማገሩ ከምሰሶው ላይ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል፤ በጭስ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ተማሪዎቼን ለዓመታት ስለ ሸክም አወራረድ አስተምሬያለሁ። እዚህ ማንም ሳያስተምረው ሸክሙ ሁሉ ወደ አንድ እንጨት ወርዶ፣ ከዚያ ወደ መሬት ይገባል። ይሄ ሁሉ የሱ ነው። ሞፈር ይዞ የቀረው ሰውዬ ቤቱን ይዞ ቀረ፤ ደብተር ይዤ የሄድኩት እኔ ፎቶ ልለምን መጣሁ።

ስልኬን አወጣሁና ባልና ሚስቱን «እስቲ አንድ ጊዜ ወደዚያ በሉ፣ ቤቱን ብቻ ላንሣው» አልኳቸው።

ባለቤቱ ከበሩ ላይ አልተንቀሳቀሰችም። በዕድሜ ስለምበልጣት አንቱ ነው የምትለኝ።

«ለምን ዞር እንላለን? ቤቱ የኛ አይደል እንዴ?»

የአጎቴ ልጅ መንሹን ተደግፎ አየኝ። እሱ ፊት ዋሽቼ አላውቅም፤ በልጅነታችንም ቶሎ ይነቃብኝ ነበር። ግንቡ ሥር ቁጭ ብዬ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ስለ መንደሩ፣ ስለ አሮጊቷ፣ «አለ» ስላልኩት ቤት፣ ስለ በሩም ጭምር።

የአጎቴ ልጅ «ስለዚህ እኔ ወንድምህ ሆኛለሁ» አለ።

«አዎ።»

«ቤቱ ደግሞ ያንተ ሆኗል።»

«አዎ።»

«በሩንም ወስደኸዋል።»

«እሱንም ወስጄዋለሁ።»

ሳቀ፤ የንቀት ሳቅ አልነበረም። ቢንቀኝ ይቀለኝ ነበር።

«እንግዲያው እኛንም አብረህ አንሣን። ለሴትዮዋም እውነቱን ጻፍላቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ሰው ሊዋሻቸው አይገባም።»

በሩ ላይ ቆሙ፤ አነሣኋቸው። ስጨርስ ነው ከቤቱ ጀርባ ግንቡን ተደግፎ የቆመውን ያየሁት። አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ ገና ማሰሪያው አልተፈታም።

«ይሄ ምንድነው?»

«ከፋሲካ በኋላ አፍርሰን ልንሠራ ነው» አለ የአጎቴ ልጅ።

ብዙ ተናገርኩ። እንደዚህ ያለ ቤት ከእንግዲህ እንደማይገኝ፣ በሌላ አገር እንዲህ ያለው ቤት እንደ ቅርስ እንደሚጠበቅ፣ አንዴ ከፈረሰ እንደማይመለስ ነገርኳቸው። አፌ አልደከመውም። ባለቤቱ ጨርሼ እስክናገር ጠበቀችኝ።

«አንቱ በቆርቆሮ ቤት እየተኙ እኛን በሳር ቤት ሊያኖሩን ነው?»

ቀና ብዬ ክዳኑን አየሁ።

«ጓሳው እዚህ ገበያ ከጠፋ ዓመታት ሆነው። ክረምት ክረምት ድስት እየደቀንኩ ነው የማድረው። ዓይኔን ይዩት።» ዓይኗ በጭስ የቀላ ነበር። «ቅርስ ነው የሚሉት ሰው ሲወጣበት ነው። እኔ ገና አልወጣሁበትም።»

ያን ሌሊት እዚያው አደርኩ፤ በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ወገዳ በእግሬ ስወጣ ንዴቴ በማን ላይ እንደሆነ አጣሁት። የቀናሁበት ሰው የቀናሁበትን ነገር ሊያፈርሰው ነው። ይባስ ብሎ፣ እኔ ያኔ ያደረግኩትን ነው የሚያደርገው፤ እኔ ማን ሆኜ ነው የምከለክለው?

ፎቶውን ከእውነቱ ጋር ላክሁ። «የአባቴን ቤት ራሴ አፍርሼዋለሁ፤ ይሄ የአጎቴ ልጅ ቤት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከብዙ ቀን በኋላ አስተርጓሚዋ መለሰችልኝ። አሮጊቷ ፎቶውን አቅርበው ረጅም ጊዜ አዩት፤ ስለ ውሸቴ ምንም አላሉም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጭሱ በየት በኩል ነው የሚወጣው? ይህንን ለአጎቴ ልጅ ባለቤት በስልክ ስነግራት «እኚህ ሴት ቤት ያውቃሉ» አለችኝ።

ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው። ቤቱ መፍረሱ ካልቀረ ለምን ፈትተን ወደ ትምህርት ቤታችን ግቢ አናመጣውም? ከወርክሾፑ ጀርባ ሣር ብቻ የሚበቅልበት ቦታ አለ። ኃላፊዎቻችንን ለማሳመን ጊዜ ፈጀብኝ፤ ዞሮ ዞሮ «ለተማሪዎቹ የተግባር ልምምድ ይሆናል» ስል ተቀበሉኝ። ለአጎቴ ልጅ ነገርኩት።

«ድንጋዩንም ምሰሶውንም ውሰድ» አለ። «በሩንም ውሰድ፤ አንዴ ወስደኸዋል። ስሙ ግን የአባቴ ነው። የሌላ ሰው ቤት እንዳይባል።»

«አይባልም» አልኩ። በልቤ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ቀን ተማሪዎች «የመምህራችን ቤት» ይሉታል ብዬ አስቤ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ተማሪዎቼን ይዤ ሄድኩ። ከላይ ጀምረን ፈታን። ማገሩ የታሰረው በልጥ ነው፤ ቢላ ነው ያስፈለገን እንጂ መዶሻ አላስፈለገንም። በየእንጨቱ ላይ በቀለም ቁጥር ጻፍን። ድንጋዩን ግን እንዴት ብለን ነው የምንቆጥረው? እያሰብኩ ቆሜ ሳለሁ የአጎቴ ልጅ መጣና ግንቡን በእጁ እየዳሰሰ ዞረው። ከበሩ በስተቀኝ፣ መካከሉ ገደማ ላይ ቆመ።

«እዚህ ላይ ቀለም ቀባ። ከዚህ እስከ ጓዳው ያለው ያንተ አባት እጅ ነው።»

«ምኑ?»

«ግንቡ። ሁለቱም ቤት ላይ ግማሽ ግማሹን ነው የሠሩት። አባትህ ግራኝ አልነበር? ጠጠሩን ከግራ ነው የሚሰካው። እይ።»

አየሁ። እውነት ለመናገር ምንም አልታየኝም። ድንጋይ ነው፤ ጠጠር ነው። እሱ ጣቱን ከአንዱ ወደ አንዱ እየወሰደ ያሳየኛል፣ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ።

«አንተ ደብረ ታቦር በነበርክበት ዓመታት የከብቶቹን ግርግም፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር፣ ሁሉንም ካባትህ ጋር ነው የሠራሁት» አለ። «ድንጋይ መደርደር ያስተማረኝ እሱ ነው። እንዲህ ስታደርግ ይሰማዋል ይለኝ ነበር፣ ድንጋዩ።»

በሕይወቴ ብዙ ቀንቻለሁ፤ እንደዚያች ሰዓት የቀናሁበት ጊዜ ግን የለም። ዋንዛ በር ምንድነው? ሳንቃ ወለል ምንድነው? ይሄ ሰው አባቴን ወስዶብኛል። እኔ የአባቴን እጅ ጽሑፍ አላውቅም፣ አይጽፍምና፤ እጁ የቀረው ድንጋይ ላይ ነው፤ እሱንም የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። ፊቴን ለማዞር ብዬ ተማሪዎቹን ያለ ምክንያት ተቆጣኋቸው። የአጎቴ ልጅ አይቶኛል። ጥቂት ቆይቶ ውኃ አመጣልኝ።

ድንጋዩን በሁለት ክምር ለይተን፣ የአባቴን ለብቻ፣ የአጎቴን ለብቻ፣ በጭነት መኪና ወሰድነው። እነሱም ቆርቆሮ ቤታቸውን ሠርተው ገቡ። ባለቤቱን በስልክ ጠየቅኋት፤ ዝናቡ ሲመታው ጆሮ ያደነቁራል ብላ አማረረች፤ ድስት ግን አልደቀንኩም አለች።

ግንቡን ክረምት ሳይገባ አቆምን። ዙሪያውን ልኬት የያዝኩት እኔ ነኝ። የአባቴን ክምር ስንደርስ ግን ድንጋዮቹ አንገጥምም አሉን፤ ሦስት ጊዜ ደርድረን ሦስት ጊዜ ፈታን። ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ። መጣ። ጫማውን አውልቆ መሬቱ ላይ ተቀመጠና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ ከግራ ጀመረ። በሁለት ቀን ውስጥ ግንቡ ወገቡ ድረስ ደረሰ። ክረምቱን በሸራ ሸፍነን አሳለፍነው፤ ኅዳር ላይ ጓሳው ከጉና መጣ፤ የአጎቴ ልጅም ክዳኑን ለማሰር እንደ ገና መጣ።

ያን ጊዜ የሆነውን ሳልደብቅ ልጻፈው። ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼ ሳስተምር ስልካቸውን ከጠረጴዛ በታች ይነካካሉ፤ ለምጀዋለሁ። የአጎቴ ልጅ ክዳኑ ላይ ወጥቶ «መጀመሪያ የታችኛውን ነው የምታስሩት፤ ውኃ ከላይ ነዋ የሚመጣው» ሲላቸው አርባ ተማሪ አንገቱን አንጋጦ ዝም አለ። አንዷ ተማሪ «መምህር፣ ይሄኛውስ?» ብላ ጮኸች። «አቤት» ብዬ ዞርኩ። የጠራችው እሱን ነው።

ከዚያ በኋላ ምልክቱን መጻፍ መጣ። ሳንቃ ላይ በቀለም የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ አንድ ሳምንት አመነታሁ። ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ የአጎቴን ስም ብቻ፣ ቤቱ የነበረበትን ቀበሌና «ስማዳ» የሚለውን ጻፍኩ። የቀረ ቦታ እንዳይኖር ብዬ ፊደሉን አተለቅሁት፤ ለራሴ ሌላ ነገር ለመጨመር ሰበብ እንዳላገኝ ነበር። የአጎቴ ልጅ ከአራተኛ ክፍል ቢያቋርጥም ያነባል፤ ከሳንቃው ፊት ቆሞ ቀስ ብሎ አነበበ።

«ያባትህ የት አለ?»

«አንተ ነህ የአባቴ ብቻ ይሁን ያልከው።»

«የሌላ ሰው አይሁን ነው ያልኩት። አባትህ ሌላ ሰው ነው?»

ብሩሹን እንደ ገና አነሣሁ። ቦታው ስለጠበበ የአባቴ ስም ከሥር በደቃቅ ፊደል ነው የገባው፤ እስኪጠጉት ድረስ አይታይም። እንዲያውም ከጎኔ ቆሞ «ትንሽ ወደ ግራ» እያለ ያስተካከለኝ እሱ ነው።

አሁን ቤቱ ከወርክሾፑ ጀርባ ቆሟል። ከሌላ ትምህርት ቤት ሊያዩት የሚመጡ አሉ፤ የቤተ ልሔም ደብር የድጓ ተማሪዎችም አንድ ቀን በዚያ ሲያልፉ ገብተው መደቡ ላይ አርፈው ሄደዋል። አስጎብኚው እኔ ነኝ፤ ስለ ምሰሶው፣ ስለ ሸክሙ፣ ስለ ልጡ አስረዳለሁ። ከበሩ በስተቀኝ ስደርስ «ከዚህ እስከ ጓዳው ያለው በግራ እጅ የተሠራ ነው» እላለሁ። ሰዎቹ ጠጋ ብለው ያያሉ፤ «እውነት ነው፣ ይታያል» ይላሉ። እነሱ ይታያቸው ወይ ለይሉኝታ ይበሉኝ አላውቅም። እኔ ብቻዬን ስሆን እየሄድኩ እዳስሰዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን የያዝኩት ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ድንጋይ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቱ የድንጋይ ግንብን እንደ አንድ የትምህርት ክፍል ያዘውና የአጎቴ ልጅ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣ እንዲያሳይ ተደረገ። ከገበያ ቀን ጋር ስለሚገጥምለት ይመቸዋል። በመጣ ቁጥር ከኔ ቤት ያድራል፤ ራት አብረን እንበላለን፣ ስለ አባቴ ያላወቅኩትን አንድ ነገር ሳይነግረኝ አይተኛም። እሰማዋለሁ። ደስ ይለኛል፤ ይቆጠቁጠኛልም።

ሰሞኑን ክፍል ገብቼ ስለ ሲሚንቶ ድብልቅ ሳስተምር ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። ጥያቄ ያለው መስሎኝ ደስ አለኝ።

«የግንቡ መምህር መቼ ነው የሚመጡት?» አለኝ።

«ሐሙስ» አልኩትና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።